ከባድ ዕቃ ወደ ገለምሶ ከመጫኑ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ነገር

በምዕራብ ሐረርጌ ያሉት ከተሞች፥ ይልቁንም ጭሮና ገለምሶ፥ ሕዝባቸውና ንግዳቸው እየበዛ በሄደ መጠን ቀድሞ የማያውቁት ዓይነት ዕቃ ወደነርሱ መድረሱ ግድ ሆኗል። ይኸውም የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር፥ የውሃ ጉድጓድ መቆፈሪያ መኪና፥ መንገድ የሚደለድል ሩሎ፥ ለድልድይ የሚሆን ረጅም ብረት፥ ይህንንም የመሰለው ሁሉ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ተከፋፍሎ በትንንሽ ካሚዮን የማይጫን፥ ጎኑም ከመንገዱ መሥመር የሚተርፍ ስለ ሆነ፥ ጉዞው ለሹፌር ብርታት ብቻ የሚተው አይደለም።

ጉዳዩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዓፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፥ ሴባስቶፖል የተባለውን 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። ጊዜውን የበላው መጎተቱ ብቻ ሳይሆን፥ በመድፉ ፊት ፊት መንገድ እየጠረጉ የበሽሎን ገደል መውረድና መውጣቱ ነበር፤ ንጉሡ ራሳቸውም በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዚያ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። የአክሱምም ሐውልት፥ ወድቆ ተሰባብሮ ሳለ፥ በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች በክፍል በክፍሉ በካሚዮን ጭነው ወደ ምጽዋ አወረዱት፤ በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ሲመለስ ግን የምጽዋ በር ተዘግቶ ስለ ነበር፥ በሦስት ተከፍሎ አንቶኖቭ በተባለው ታላቅ አውሮፕላን መጣ። ለዚህም አስቀድሞ የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያ መሻሻል አስፈለገው። በሁለቱም ታሪክ ዕቃው መንገዱን ሲጠብቅ እናያለን።

ወደ ገለምሶ የሚሄደው ከባድ ዕቃ ከባሕር ማዶ የመጣ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ ከጅቡቲ ወደብ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው በጋላፊና በሚሌ ዞሮ በአዋሽ በኩል ሚኤሶ የሚደርሰው ነው። ሁለተኛው በደወሌ ገብቶ በድሬዳዋ ያልፋል፤ ይህኛው በካርታ ሲታይ አጭር ይመስላል፤ ነገር ግን ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ የሚያወጣው ዳገት ጥምዝምዙ ብዙ ነው፥ ከዚያም ወዲያ በቁልቢና በሂርና አድርጎ እስከ ጭሮ ድረስ ተራራ ለተራራ ያስኬዳል። ለተራ ካሚዮን አጭሩ መንገድ ይበጃል፤ ለሎቤድ ግን የሚቆጠረው ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ጥምዝምዙ ነው። ተሳቢው በረዘመ ቁጥር በመታጠፊያ ላይ የኋላው ጎማ ወደ ውስጥ እየቆረጠ የመንገዱን ጠርዝ ይረግጣል፤ በቁልቁለትም ፍሬኑ እንዳይግል በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ አለበት።

ሦስተኛው መንገድ ምድር ባቡር ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የቀድሞው ባቡር ለጨርጨር አገር ደጃፉ ሚኤሶ ነበር። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በሚኤሶ ጣቢያ አለው። የዕቃው ስፋት በፉርጎ ልክ የሚገባ ከሆነ፥ በባቡር እስከ ሚኤሶ መጥቶ ከዚያ ወደ ጭሮ፥ ከጭሮም በአርበረከቴና በበዴሳ በኩል ወደ ገለምሶ ቢወጣ የተራራው ጉዞ እጅግ ያጥርለታል። የሚያስቸግረው አንድ ነገር ነው፤ ከፉርጎ ወደ ሎቤድ የሚያሸጋግር ብርቱ ክሬን አስቀድሞ በጣቢያው ካልተገኘ፥ በባቡር የተረፈው ገንዘብ ዕቃው ቆሞ ሲጠብቅ ያልቃል።

በክብደቱም ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድልድዩ ትናንት ጭነት ካሚዮን አሳልፏልና ዛሬም ይችላል ማለት አይበቃም። ከ1951 እስከ 1953 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኢሊኖይ በተደረገው ታላቅ የመንገድ ፈተና እንደ ታወቀው፥ በአንድ አክስል ላይ ያለው ሸክም በእጥፍ ቢጨምር በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አሥራ ስድስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ያው ክብደት በብዙ አክስልና በብዙ ጎማ ላይ መከፋፈል አለበት። ይህን ትቶ ወጪ ለመቆጠብ አክስሉ ያነሰ ተሳቢ የሚከራይ ሰው፥ ያተረፈውን ገንዘብ ከመንግሥት መንገድ ላይ ወሰደ ማለት ነው።

ቀኑም ይመረጥ። ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል የሚጓዘው ምእመን በዚሁ በሚኤሶና በጭሮ መንገድ ስለሚያልፍ፥ በነዚያ ሰሞን ሎቤድ በዳገት ላይ ቢቆም የስንት ሺሕ ሰው መንገድ እንደሚዘጋ ግልጽ ነው። የአድባራቱ አለቆችና የመስጊዶቹ አባቶች መንገዱ የሚያዝበትን ሰዓት አስቀድመው ቢያውቁ ለሕዝቡ ያስታውቃሉ። ጫት የጫነው መኪና ግን ማስታወቂያ የሚሰማ አይመስልም፤ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ለማድረስ ይበራልና፥ ለርሱ በየመታጠፊያው ትራፊክ ፖሊስ መቆም ያስፈልገዋል። ከገለምሶ ሆስፒታል ለከፍተኛ ሕክምና የሚላክ በሽተኛ ወይም ምጥ የጠናባት እናት በሌላ ወገን ቆማ እንዳትቀር፥ አምቡላንስ የሚያልፍበት ስፍራ በየጥቂቱ ርቀት ይወሰን። የኤሌክትሪክ አገልግሎትም በየከተማው ዝቅ ብሎ የተዘረጋውን ሽቦ የሚያነሡ ሠራተኞች ከጭነቱ ፊት ይላክ።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ሥራው ገና በጠረጴዛ ላይ ሳለ የሚደረገው ነው። ትልቅ ትራንስፎርመር ዘይቱ ወጥቶ፥ ማቀዝቀዣውና ሌላውም ሊፈታ የሚችለው ዕቃ ተለይቶ ሲጫን ክብደቱ በብዙ ይቀንሳል፤ ይህም በግዢው ውል ላይ ሊጻፍ ይገባል እንጂ ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚታሰብ አይደለም። ውሉ ሲፈረም የዕቃው ርዝመት፥ ስፋት፥ ቁመትና የየአክስሉ ሸክም ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፥ በጭሮ ለዞኑ መሥሪያ ቤት፥ በገለምሶም ለከተማው አስተዳደር ቢተላለፍ፥ ድልድዮቹን የሚመረምረው ሰው በበጋ፥ ወንዙ ጎድሎ የምሰሶው እግር በሚታይበት ጊዜ ሊወርድ ይችላል።