ቁጥሩ አንድ፣ ሥዕሉ አራት

እ.ኤ.አ. በ1973 እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ፍራንሲስ አንስኮም አራት ትንንሽ ሰንጠረዦች አሳተመ። እያንዳንዱ 11 ጥንድ ቁጥሮች አሉት። የአራቱም አማካዮች እኩል ናቸው፣ ተዛምዷቸው ወይም ኮሪሌሽናቸው 0.816 ገደማ ነው፣ የሪግሬሽን መስመራቸውም አንድ ነው፤ ከ3 ይነሳል፣ በየእርምጃው በግማሽ ይጨምራል። ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው መንትዮች ይላቸዋል። ነጥቦቹ ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ ግን መንትያነቱ ይጠፋል። የመጀመሪያው እውነትም በቀጥታ መስመር ዙሪያ የተበተነ ነው። ሁለተኛው እንደ ቀስት የጎበጠ ነው። ሦስተኛው በአንድ አፈንጋጭ ነጥብ የተበላሸ ቀጥ ያለ ሰልፍ ነው። በአራተኛው ደግሞ አሥሩ ነጥቦች 8 ላይ ተደራርበው አንዷ ብቻዋን 19 ላይ ተቀምጣለች፤ እሷን ብናወጣት ተዛምዶውን ማስላት እንኳ አይቻልም። የተከበረው 0.816 የተንጠለጠለው በእሷ ብቻ ነው።

ስለዚህ የመግቢያ ስታቲስቲክስ ትምህርት ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስለኛል። ቀመሩ ይቀድማል፣ ሥዕሉ ይከተላል፣ ኖንፓራሜትሪክ የሚባሉት ፈተናዎች ደግሞ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል በጥድፊያ ይታለፋሉ። የእነዚህ ፈተናዎች ሐሳብ ግን ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ቁጥሩን ትቶ ደረጃውን መያዝ። ቻርልስ ስፒርማን በ1904 ያቀረበው ተዛምዶ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በአንስኮም ሦስተኛ ሰንጠረዥ ላይ ብንሞክረው 0.99 ይሰጠናል፤ አፈንጋጩ የቱንም ያህል ቢርቅ ደረጃው አንደኛ ከመሆን አያልፍምና። (የጎበጠውን ሰንጠረዥ ግን ደረጃም አያድነውም፤ መንስኤና ውጤትንም አይለይም።)

«ደረጃ መያዝ መረጃ መጣል ነው» የሚሉ አሉ። ክርክሩ እውነት አለው፤ ዋጋው ግን ከሚታሰበው ያነሰ ነው። መረጃው የደወል ቅርጽ ባለው ኖርማል ስርጭት ላይ ቢሆን እንኳ፣ ናሙናው ሰፊ ሲሆን፣ ቲ-ቴስት በ955 ሰው የሚደርስበትን ኬሚስቱ ፍራንክ ዊልኮክሰን በ1945 ያቀረበው የደረጃ ፈተና በ1,000 ሰው ይደርስበታል። እንደ ገቢ ያለ፣ ጥቂቶች ሽቅብ የሚጎትቱት መረጃ ሲሆን ደግሞ ብልጫው ብዙ ጊዜ ወደ ደረጃው ይዞራል። «ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ይሠራዋል» ለሚሉም መልሱ አጭር ነው፤ ለአራቱም ሰንጠረዦች 0.816 የሚለን ያው ኮምፒውተር ነው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በመመረቂያ ጽሑፎቻችን «እስማማለሁ» 4፣ «በጣም እስማማለሁ» 5 ተብሎ ይሞላና አማካይ ይወጣለታል፣ ሪግሬሽንም ይሠራለታል። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለውን ርቀት የለካ የለም፤ የምናውቀው ቅደም ተከተላቸውን ብቻ ነው። አማካሪዎች ሆይ፣ ተማሪው የተዛምዶ ሰንጠረዥ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ «ነጥቦቹን አሳየኝ» በሉት።