ከስግድ ተራራ እስከ በዓል መድረክ፦ የቤተ እስራኤል ዜማ ጉዞ



ከሙጃና ከመላው የላስታ ደጋ ወደ ላሊበላ የሚጓዘው ምዕመን በልደት ዕለት በቤተ ማርያም ዐፀድ የቤዛ ኩሉን ዝማሬ ሲሰማ፣ ዮርዳኖስና ጎልጎታ በሚል ስም በተጠሩ ሥፍራዎች መካከል መቆሙ ነው። ኢየሩሳሌም ወደ ላስታ እንደ መጣች አባቶቻችን ነግረውናል። በዚህ በዓል ልናወሳ የወደድነው ግን የተገላቢጦሹን፣ ከኢትዮጵያ ወደ ኢየሩሳሌም የሄደውን ዜማ ነው።

ቤተ እስራኤል በሀገራቸው ሳሉ ከአስተስርዮ በዓል በኋላ በ50ኛው ቀን ስግድን ያከብሩ እንደነበር ይታወቃል። በጎንደር አቅራቢያ በአምቦበር ቀሳውስቱ ኦሪትን ይዘው ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ ሕዝቡም ጾሞ፣ ሰግዶ፣ ኢየሩሳሌምን ለማየት ይማጸናል። የበዓሉ ስም እኛ ስግደት ከምንለው ከአንድ የግዕዝ ሥር የወጣ ነው። ጸሎቱም በግዕዝ ሲሆን በመካከሉ የአገውኛ ቃላት ይሰማሉ። የዛግዌ ነገሥታት አገው እንደነበሩ፣ ዛሬ ግን በላስታ አማርኛ እንደ ገነነ ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የአያቶቻችን ልሳን የቅርብ ዘመድ በሌሎች ጸሎት ውስጥ ተጠብቆ ኖሯልና።

አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት መጽሐፍ የቤተ እስራኤል ሥርዓተ ጸሎት ከኢትዮጵያ ገዳማዊ ትውፊት ጋር ጥብቅ ዝምድና እንዳለው አሳይተዋል። ቤተ እስራኤል ራሳቸው የምንኩስና ሥርዓት ነበራቸውና ነገሩ ሊያስደንቀን አይገባም። ጥንታዊነታችንን ይነካል ብለው ቅር የተሰኙ ግን ነበሩ። በእኛ አስተያየት ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ልሳን ወደ አንድ አምላክ መጮኻቸው የአንዱንም እምነት አያሳንስም።

በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በኋላም በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀናት ውስጥ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን ተጓጓዙ። የተመኙትን ምድር በረገጡ ጊዜ ግን የሀገሪቱ የረቢዎች ጉባኤ አይሁድነታቸው እንዲረጋገጥ የጥምቀት ሥርዓት ይፈጽሙ ዘንድ ጠየቃቸው። ለእምነታቸው ብለው በረሃ ያቋረጡ ሰዎች ይህን ስድብ አድርገው ቢያዩት፣ እ.ኤ.አ. በ1985ም በጉባኤው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ለሳምንታት ቢሰለፉ አያስገርምም።

በዓላቸውም ተለወጠ። ሐኑካ የተባለውን የመቅደስ መታደስ በዓል በኢትዮጵያ አያውቁትም ነበር፤ የተማሩት ከሄዱ በኋላ ነው። (ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 10 ይህን በዓል ያነሣዋል፤ የእኛ መጽሐፈ መቃብያን ግን የግሪኩን መጽሐፍ ታሪክ አይተርክም።) በአንጻሩ ስግድ በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል መንግሥታዊ በዓል ሆኖ በሕግ ታወቀ። ኢየሩሳሌምን ለማየት ይቀርብ የነበረው ልመና አሁን በራሷ በኢየሩሳሌም ይሰማል። ልመናው የተፈጸመለት ሰው ያንኑ ጸሎት ምን ብሎ ይጸልየው? ይህን ጥያቄ ከቀሳውስቱ ይልቅ ሙዚቀኞቹ በግልጽ ይዘውታል ብንል አልተሳሳትንም።

በዚያች ከተማ «ሁለገብ» የተሰኘ የኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ሲዘጋጅ ቆይቷል። ሳክስፎን ተጫዋቹ አባተ በሪሁን ከፒያኖ ተጫዋቹ ይጽሐቅ ይዲድ ጋር «ራስ ደሸን» የተባለ አልበም ሠርቷል። በልጅነቱ በሱዳን በኩል የተጓዘው ጊሊ ያሎም በአማርኛ ያዜማል። ከሁሉ ይልቅ የሚያነጋግረው ግን የአስቴር ራዳ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በእስራኤላውያን ሠፈራ በኪርያት አርባ የተወለደችው፣ በሃይማኖተኛ ቤተሰብ ያደገችው ይህች ድምፃዊት የሙሉቀን መለሰን «ናኑ ናኑ ነይ» ለአዲሱ ትውልድ አሰምታለች። ሙሉቀን ደግሞ በ2016 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ፣ ወንጌላዊ ክርስቲያን ሆኖ ዓለማዊ ዘፈንን ከተወ ረጅም ዘመን ተቆጥሮ ነበር። እርሱ ለእምነቱ ሲል የተወውን ዘፈን እርሷ የማንነቷ ምስክር አድርጋ አነሣችው።

መድረክ መቅደስ እንዳልሆነ እናውቃለን። በነጋሪትና በቃጭል የታጀበው ጸሎት ከሳክስፎን ጋር ሲገባ ጣዕሙ ይለወጣል፤ ጾሙና ስግደቱ የሉምና። ይህን ስንል ግን በእኛም ቤት ስለ መዝሙርና ስለ ኦርጋን ስንት ክርክር እንደ ተካሄደ አንዘነጋም። በግዕዝ የሚጸልዩት አረጋውያን ቀሳውስት ቁጥራቸው እየተመናመነ ነው፤ ልጆቻቸው ዕብራይስጥ ተናጋሪ ናቸው፤ ለብዙዎቹም የኢትዮጵያ ድምፅ በመጀመሪያ የሚደርሳቸው ከመድረክ ነው። ሙዚቀኛው ደጃፉን ይከፍትላቸዋል፤ ከደጃፉ ወዲያ ያለውን ግዕዝ የሚያስተምራቸው ግን ቄሱ ነው፤ እርሱም አርጅቷል።