የመጦሪያ ቤቶች አስተዳዳሪነት ፈቃድ፤ ኃላፊነቱ የማን፣ ሥልጣኑስ የማን?

እ.ኤ.አ በመስከረም ወር 2017 «ኢርማ» የተሰኘው ከባድ አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት ሲመታ፣ በሆሊውድ ከተማ የሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተቋም የአየር ማቀዝቀዣው ኤሌክትሪክ ተቋረጠበት። ሠራተኞቹ ተንቀሳቃሽ ማቀዝቀዣዎችን ቢተክሉም የሕንፃውን ሙቀት መቋቋም አልተቻለም። ከመንገዱ ማዶ ኃይል ያልተቋረጠበት ትልቅ ሆስፒታል ቢኖርም፣ አረጋውያኑ ከሕንፃው የወጡት በሦስተኛው ቀን ነበር። በአደጋው 12 አረጋውያን ሕይወታቸውን አጥተዋል።

በ2019 በተመሠረተው የወንጀል ክስ ከተከሳሾቹ መካከል የተቋሙ አስተዳዳሪ ይገኙበታል። በየካቲት 2023 ዓቃቤ ሕግ ማስረጃውን አሰምቶ እንዳበቃ ዳኛው አስተዳዳሪውን በነፃ አሰናብተዋቸዋል። የተቋሙ ባለቤት ግን በወንጀል አልተከሰሱም። ይህ ጉዳይ በአሜሪካ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲሠራበት የቆየውን የመጦሪያ ቤቶች አስተዳዳሪነት ፈቃድ ጠንካራና ደካማ ጎን አጉልቶ ያሳያል። ፈቃዱ ኃላፊነቱን በስም ለሚታወቅ አንድ ሰው ይሰጣል፤ ኃላፊነቱን ለመወጣት የሚያስፈልገውን ገንዘብ የማዘዝ ሥልጣን ግን አብሮ አይሰጥም።

የፈቃዱ አመጣጥ ከመንግሥት ገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው። በ1965 ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉት የጤና ዋስትና ፕሮግራሞች ሲቋቋሙ ከፍተኛ የሕዝብ ገንዘብ ወደ መጦሪያ ቤቶች መፍሰስ ጀመረ። ይሁንና ገንዘቡን ተቀብለው ቤቶቹን የሚመሩት ሰዎች ምን ዓይነት ችሎታ ሊኖራቸው እንደሚገባ የሚደነግግ አገር አቀፍ ሕግ አልነበረም። በመሆኑም ኮንግረሱ በ1967 በሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ አቅራቢነት ባጸደቀው ማሻሻያ፣ በሜዲኬይድ የሚሳተፉ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ እስከ ሐምሌ 1970 ድረስ ለአስተዳዳሪዎች ፈቃድ የሚሰጥ ሥርዓት እንዲዘረጉ ግዴታ ጣለባቸው። በፈቃድ ሰጪው ቦርድ ውስጥ የአንድ ሙያ ወይም የአንድ ዓይነት ተቋም ተወካዮች አብላጫውን ወንበር እንዳይዙም ደንቡ ይከለክላል። የመጦሪያ ቤት ባለንብረቶች ራሳቸውን በራሳቸው እንዳይፈቅዱ የታሰበበት ጥንቃቄ መሆኑን መገንዘብ አያዳግትም።

የፌዴራሉ ሕግ ፈቃድ እንዲኖር ከማዘዝ ባለፈ የትምህርቱንና የልምምዱን መጠን ለክፍለ ግዛቶች ትቶታል። ውጤቱም እንደየክፍለ ግዛቱ የተዘበራረቀ ነው። በቴክሳስ አመልካቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል፤ በመርሕ ደረጃ የሚጠየቀው የተግባር ልምምድም 1 ሺህ ሰዓት ነው። በቨርጂኒያ ደግሞ 60 የኮሌጅ ክሬዲት ያጠናቀቀ ሰው በሠልጣኝ አስተዳዳሪነት ሊመዘገብ ይችላል፤ ልምምዱ ግን በመርሕ ደረጃ እጥፍ፣ ማለትም 2 ሺህ ሰዓት ነው። አንደኛው ክፍለ ግዛት በወረቀቱ፣ ሌላው በሥራው ላይ አጥብቋል ማለት ይቻላል። ክፍለ ግዛቶቹ የሚጠቀሙበት የጋራ ብሔራዊ ፈተና ቢኖርም፣ ፈተናውን ያለፈ አስተዳዳሪ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ሲዛወር የዚያን ቦርድ ፈቃድ እንደገና ማግኘት ይኖርበታል።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ከሁሉም ይልቅ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ልምምዱ ነው። ሠልጣኙ በባለ ፈቃድ አስተዳዳሪ ሥር ሆኖ ከማብሰያ ክፍሉ እስከ ልብስ ማጠቢያው፣ ከሒሳብ ክፍሉ እስከ ሌሊቱ ፈረቃ ይዘዋወራል። ከአልጋው መነሣት የማይችል አረጋዊ በየጊዜው ካልተገላበጠ ገላው እንደሚቆስል በመጽሐፍ ማንበብና፣ ለዚህ ሥራ የተመደበችው ሠራተኛ ሌላ ስንት ሰው እንደምትጠብቅ በዓይን ማየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህን እውነታ በቅርብ ከሚያውቁት መካከል በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሚኒሶታና በሌሎችም አካባቢዎች በነርስ ረዳትነት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው። ብዙዎቹ የሰው እናትና አባት እያጠቡና እያጎረሱ ለራሳቸው እናትና አባት ገንዘብ ይልካሉ። ከነርስ ረዳትነት ወደ አስተዳዳሪነት የሚወስደው መንገድ በሕግ አልተዘጋም፤ ነገር ግን ከአገር ቤት የመጣ ዲግሪ አቻነቱ መገምገም አለበት፤ የልምምዱን ሰዓት ለመሙላትም ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ከሚተዳደርበት ፈረቃ መቀነስ ሊኖርበት ነው። ሌሊቱን ከአረጋውያን ጋር ያሳለፈ ሰው ያካበተው ዕውቀት ከልምምዱ ሰዓት ላይ የሚቀነስበት አሠራር በስፋት ቢኖር ቦርዶቹም መጦሪያ ቤቶቹም ይጠቀሙ ነበር።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመለስ፣ በአሜሪካ ከሚገኙት 15 ሺህ ገደማ መጦሪያ ቤቶች አብዛኞቹ ለትርፍ የተቋቋሙ ናቸው። ስንት ነርስ እንደሚቀጠርና ጀነሬተሩ መቼ እንደሚገዛ የሚወስነው በጀት በብዙ ቦታ የሚጸድቀው ከተቋሙ ውጭ በሚገኝ የኩባንያ ጽሕፈት ቤት ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ግን ፊት ለፊት የሚቆመው አስተዳዳሪው ነው። የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ በ2024 ለእያንዳንዱ ተጧሪ በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት እንክብካቤ እንዲመደብ የሚያዝዝ ደንብ አውጥቶ ነበር። ደንቡ ተፈጻሚ ቢሆን ኖሮ አስተዳዳሪው ለኩባንያው የሚያቀርበው ቁጥር በእጁ ይኖር ነበር። ይሁንና በቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2025 ሽሮታል። ተቋማቱ ደንቡን የተቃወሙት ሠራተኛ አናገኝም፣ ወጪውንም አንችልም በሚል ነበር፤ የሠራተኛ እጥረቱ እውነት መሆኑም አይካድም።

ከሆሊውዱ አደጋ በኋላ የፍሎሪዳ ባለሥልጣናት የወሰዱት እርምጃ ከዚህ አኳያ ሊታይ ይገባል። በ2018 በጸደቀው ድንጋጌ መሠረት ማንኛውም መጦሪያ ቤት ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ለ96 ሰዓታት የሕንፃውን ሙቀት ከ27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ እንዳይወጣ የሚያስችል የኃይል ምንጭ እንዲያዘጋጅ ተገድዷል። የጀነሬተሩን ሒሳብ የሚከፍለውም ፈቃዱን የያዘው አስተዳዳሪ ሳይሆን ባለቤቱ ነው።