ዳሩን እንይ ወይስ ድንጋዩን እንገልብጥ?

ዳሩን እንይ

ካፋ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ጫካው ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው የጫካ ቡና መገኛነቱን አይቶ ነው። ከዚያ ጫካ ወጥተው ብዙዎቹ ወደ ጎጀብ ወንዝ፣ ከጎጀብም ወደ ኦሞ የሚወርዱት ትንንሽ ጅረቶች ግን ጠያቂ የላቸውም። ዳራቸው ታርሷል፣ ከብት ረግጦታል፣ ባሕር ዛፍ በቅሎበታል። እንዲያገግሙ ሥራ ቢጀመር ማገገማቸውን በምን እናውቃለን?

በዓይን ነው ባይ ነኝ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1999 አሻሽሎ ያወጣው የጅረት መመዘኛ ቅጽ አሥር ነገር ያስመለክታል፤ ለእያንዳንዱ እስከ 20 ነጥብ፣ ድምሩ 200። ድንጋዩን ደለል ምን ያህል ውጦታል? ፈጣኑና ዝግ ያለው፣ ጥልቁና ስሱ ውኃ ተሰባጥሯል? ዳሩ ይናዳል? ላቦራቶሪ አያሻም። የወረዳ ባለሙያ ከአንድ ገበሬ ጋር ወርዶ ይሞላዋል (ወንዙ አምና የት ድረስ ሞልቶ እንደወጣ የሚያውቀው ገበሬው ስለሆነ፣ ቅጹን ለእሱ ብሰጠው ይቀለኛል)። ድንጋይ ገልብጠን የውኃ ነፍሳትን እጭ እንፈልግ የሚሉ አሉ፤ ደለል የዋጠው ድንጋይ ሥር ግን እጭ መግቢያ የለውም። ቤት ሳይኖር ነዋሪ ፍለጋ ምን ይባላል?

ድንጋዩን ገልብጡት

ወዳጄ ቤቱን አይቶ ነዋሪውን ሳይጠይቅ ተመለሰ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይውረድ። እሸት ቡናው ይለቀማል፣ ዝናቡ ይሸሻል፣ ጅረቱ ይቀጥናል፤ የቡና መፈልፈያዎቹ የሚሠሩትም ልክ ያኔ ነው። የፍሬው ልጣጭና ሙጫ ስኳር የሞላበት ነው። ፍሳሹ ሳይጣራ ጅረት ከገባ ባክቴሪያ ይረባበታል፣ ባክቴሪያውም የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ዘንባባው ግን ዳር ላይ እንደቆመ ነው፤ ዳሩ አልተናደም፣ ድንጋዩን ደለል አልዋጠውም። ቅጹ 170 ቢሰጠው አይገርመኝም። ድንጋዩን ስትገለብጡት ከአሸዋ ቅንጣት ቤቱን አያይዞ የሚኖረው እጭ የለም፤ የቀሩት ኦክስጅን ቢያንስም የማይበገሩት ቀያይ ትሎች ናቸው።

ደግሞስ ችግኝ የተከለ ፕሮጀክት የዳር ተክል በሚያይ ቅጽ ራሱን ሲመዝን እንዴት ይወድቃል? ለሙሉ ነጥብ ከ18 ሜትር በላይ ያልተነካ ዳር የሚጠይቀው መለኪያም ለካፋ ገበሬ አልተጻፈም። በወዲህም በወዲያም ያን ያህል መተው እኮ የአንድ ቤተሰብ የእንሰት ጓሮ መተው ነው።

ከመጀመሪያው ጸሐፊ

በ18 ሜትሩ ተረትቻለሁ። መለኪያው እዚሁ ይሰፋ፤ ጫካው ውስጥ ካለ ያልተነካ ጅረት ጋር እያስተያየን ልኩን እናውጣ። ፍሳሹን ግን በቅጹ ላይ አታላክክ። ጥፋቱ መፈልፈያ ከላይ እንዳለ እያወቀ ከታች ችግኝ የሚተክለው ሰው ነው። እጭን ከእጭ የሚለይ ባለሙያ ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ይገኝ ይሆናል እንጂ በየቀበሌው የለም።

ከሁለተኛው

በየቀበሌው ምን ያደርጋል? ሁለት ሦስቱን ወገን መለየት ከብት ሊያጠጡ የሚወርዱ ልጆችም ይማሩታል፤ ድንጋይ መገልበጡንማ ማንም አላስተማራቸውም። ቅጹ በክረምት መሞላቱ ይቅርና ኅዳር ላይ፣ ከመፈልፈያው በላይና በታች ይሞላ። ሁለቱ ቦታዎች እኩል ነጥብ አግኝተው እጩ በላይኛው ብቻ ከተገኘ፣ ያኔ ወዳጄ ያንን ነጥብ ለታችኛው መንደር ያስረዳ።