የዊንጌት ስም ወይስ የዊንጌት ማዕድ?

በአገራችን ስለ ትምህርት ክርክር በተነሣ ቍጥር የጄኔራል ዊንጌት ስም መጠራቱ አይቀርም። «እንደዚያ ያለ ትምህርት ቤት ዛሬ ከየት ይገኛል?» ይባላል። ጥያቄውን እኛም እንቀበላለን፤ መልሱን ግን ከናፍቆት አንፈልገውም።

ትምህርት ቤቱ በ1938 ዓ.ም. በብሪቲሽ ካውንስል ርዳታ ተከፈተ። ስሙም በጎጃም በኩል ጠላትን ለማስወጣት ከዘመተው ከእንግሊዛዊው መኮንን ከኦርድ ዊንጌት የተወሰደ ነው። የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። በፈተና ተመርጦ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ልጅ አልጋው፥ ምግቡ፥ መጽሐፉ በመንግሥት ወጪ ይሰጠው ነበር። እንግዲህ ያንን ልጅ ለወግ ለማዕርግ ያበቃው ስሙ ነውን? አይደለም። ጠግቦ ማደሩ፥ መጽሐፍ በእጁ መኖሩና ሥራውን የሚያውቅ መምህር በፊቱ መቆሙ ነው።

ይህ ማዕድ ለስንት ሰው ተዘረጋ? ሴት ልጅ ገና ሳትፈተን ወድቃለች። ገበሬውስ? በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለበት፤ ብዙው ግብሩን ሲገብር ኖሮ ልጁ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ቀረ።

«ድኻ አገር ጥቂቶችን መርጦ ያስተምር፤ የተመረጡት ሌላውን ያነሡታል» የሚሉ አሉ። የተመረጡት ለአገር መሥራታቸውን አንክድም። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት መለስ ዜናዊም ከዚያው ደጃፍ የወጡ ናቸው። ነገር ግን ከ77 ዓመት በኋላ የሆነውን እንቍጠር። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ወደ 845 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች የማለፊያውን ግማሽ ያገኙት 27,267 ብቻ ናቸው። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ጥቂቶች ብዙውን የሚያነሡ ቢሆን ኖሮ ይህ ውጤት ባልታየ ነበር።

ዛሬ ዊንጌት የሙያ ኮሌጅ ነው። በዚህ አናዝንም፤ ሙያ ክብር ነውና። የምናዝነው ማዕዱ ሳይሰፋ በመታጠፉ ነው። ትምህርት ለሁሉ ሳይዳረስ ሲቀር ስም ብቻ ይነግሣል። በሰፈራችን በለቡ መብራት ኃይል ጎረቤት ልጅን ሲያገኝ «የት ትማራለህ?» ይለዋል እንጂ «ምን ተማርህ?» አይለውም።

በየክልሉ የተከፈቱት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች መልካም ውጤት እያመጡ ነው ይሉናል። እውነት ነው፤ የሚመሰክረው ግን ለእኛ ነው። የሚበላ፥ የሚያነብና መምህር ያለው ልጅ ያልፋል ማለት ነውና! አዲስ አበባ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ምገባ መጀመሯን እናመሰግናለን። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ግን ረኃብ አይተወውም።

ስለዚህ ጓደኞቻችንና መምህሮቻችን ሆይ፥ የድሮ ስም በማሞገስ ጊዜ አናጥፋ። ምገባው ሁለተኛ ደረጃ ይድረስ፤ ቤተ መጻሕፍት ማታ ክፍት ይሁን፤ መምህሩ ከደመወዙ ይኑር ብለን በአንድ ድምፅ እንጠይቅ። ለጥቂቶች የተቻለው ለሁሉ የማይቻልበትን ምክንያት የሚያውቅ ካለ በዚሁ ጋዜጣ ይመልስልን።