ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠው ማን ነው?

ከኮተቤ እስከ እንጦጦ ግርጌ ባሉ ቤቶቻችን ያለው ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ዓመታት ያገለገለ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች አይቀበሉትም። ታዲያ ምን ይሻላል?

ብዙ ጊዜ ባል ብቻውን መገናኛ ሄዶ ባለ ሱቁ የመከረውን አስጭኖ ይመለሳል። ደብዳቤ የምትጽፈውና የልጆችን የቤት ሥራ የምታትመው ግን ሚስት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ «የትኛው ይበልጣል?» ከማለታችን በፊት «ማን ምን ሊሠራበት ነው?» እንበል።

ዊንዶውስን አብዛኞቻችን ለምደነዋል። የሒሳብ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ፒችትሪ የተዘጋጀው ለእርሱ ነው፤ ከቪስታ (እ.ኤ.አ. 2007) ጀምሮም አማርኛ መጻፊያ አብሮት ይመጣል። በፍላሽ የሚዛመቱት ቫይረሶች ግን በአብዛኛው የሚያጠቁት እርሱን ነው።

ማክ የተረጋጋና ለዓይን የሚያምር ነው፤ ቪዲዮና መዝሙር ለሚያቀናብሩ ይመቻል። ሆኖም የሚሠራው አፕል ራሱ በሚያመርታቸው ኮምፒውተሮች ላይ ነው፤ ዋጋቸውም ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው።

ሊኑክስ በነፃ የሚገኝ ነው። ከዓይነቶቹ አንዱን ኡቡንቱን እ.ኤ.አ. በ2004 ያስጀመረው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው። ቀለል ያሉት የሊኑክስ ዓይነቶች በአሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሠራሉ። ሊብሬኦፊስ የሚባለው መጻፊያው የዎርድ ጽሑፎችን ይከፍታል፤ አልፎ አልፎ ግን የገጹ አቀማመጥ ይዛባል። ፒችትሪ የግድ ለሚያስፈልገው ሰው አይሆንም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ይሆናሉ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በእርሱ የተጻፈ በሦስቱም ላይ ይነበባል። የድሮ ሰነድ ያላችሁ ከመቀየራችሁ በፊት ወደ ዩኒኮድ አስገልብጡ።

ሌላው የኅሊና ጉዳይ ነው። ያለ ፈቃድ የተባዛ ዊንዶውስ ማስጫን የተለመደ ሆኗል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ልጆቻችንን «የሰው ነገር አትንኩ» እያልን የምናስተምር ወላጆች ይህን «ሁሉም ያደርገዋል» ብለን ማለፍ አይገባንም። ገንዘቡ ካለ ዊንዶውስን በሕጋዊ መንገድ እንግዛ፤ ከሌለ በነፃ የተሰጠን ሊኑክስ አለ።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ከመወሰናችሁ በፊት አብራችሁ ተቀመጡ። ሊኑክስን በፍላሽ ላይ አድርጎ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሳይነኩ መሞከር ይቻላል። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀምበት ሰው አንድ ሳምንት ይሞክረው፤ አማርኛ ይጻፍበት፣ ፕሪንተሩን ያገናኝ፣ የድሮ ሰነዶቹን ይክፈት። «ይከብደኛል» ካለ ቃሉ ይሰማ፤ «ተመቸኝ» ካለ ደግሞ ገንዘባችሁ ለሌላ ጉዳይ ተረፈ ማለት ነው።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።