ጸሎቱ ከመስከረም ይጀመር

በፈተና ሰሞን በማለዳ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ያውቀዋል። ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ደጁን የሚስሙ ልጆች፣ ጧፍ አብርተው የሚያነቡ እናቶች፣ «ልጄ ካለፈች ጥላ አስገባለሁ» የሚል ስለት። በየመስጊዱ ዱዓው እንዲሁ ነው፤ በየጸሎት ቤቱም የተፈታኞች ስም እየተጠራ ይጸለያል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። እኔም በዚያ ሰሞን ከእነዚያ እናቶች ጋር ቆሜ ለምኛለሁ። መስከረም ላይ ግን ያን ሁሉ ሰው አላየውም። የመስከረም ጭንቀታችን የደብተር ዋጋ፣ የዩኒፎርም ልክና የምዝገባ ክፍያ ነው። ልጁ በልቡ ምን ይዞ ወደ ክፍል እንደሚገባ የሚጠይቀው ጥቂት ሰው ነው።

ልጅ እምነት አብዝቶ የሚያስፈልገው ግን በትምህርት መክፈቻ ነው ብዬ አምናለሁ። በፈተና ሰሞን የሚለምነው ውጤት ነው። በመስከረም የሚያስፈልገው ዓመቱን ሙሉ፣ ያልገባውን ትምህርት ተሸክሞም ቢሆን፣ በየማለዳው ተነስቶ የሚሄድበት ጉልበት ነው።

ጉልበቱን የሚፈታተነው ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ፣ ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች ልጆቹ ከእኛ በላይ ያውቋቸዋል። «ይህ ሁሉ ሰው ከወደቀ እኔ ማን ሆኜ ነው የማልፈው?» የሚል የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ደብተሩን ሳይገልጥ ተስፋው ተሟጧል። እንዲህ ላለው ልጅ «አይዞህ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ፈተናው በእርግጥ ከባድ ነው፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች መጽሐፍም መምህርም ይጎድላል። ይህን ሸፍነን የምንሰጠውን ማበረታቻ ልጁ ራሱ አያምነውም።

ስለ ጽናት ሲነሳ ሁላችንም የምንጠቅሰው ቅዱስ ያሬድን ነው። አክሱም ላይ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባው አለ፤ ተገረፈና ሸሸ። ማይ ኪራህ ከተባለ ቦታ ሲደርስ ከዛፍ ሥር ተጠለለ። እዚያም አንዲት ትል ዛፉን ስትወጣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ከላይ ስትደርስ አየ። ሰባኪዎቻችን ብዙውን ጊዜ ትሏ ላይ ያቆማሉ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ የሄደው መንገድ ነው። ያሬድ ወደ ሌላ አገር ወይም ወደ ሌላ መምህር አልሄደም። የገረፉት መምህር ወዳሉበት፣ ድክመቱ ወደሚታወቅበት ወደዚያው ጉባኤ ተመለሰ። ይቅርታ ጠየቀ። አባ ጌዴዎንም ተቀበሉት፣ ጸለዩለት፣ እንደገናም አስተማሩት። ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን ያወረሰን ሊቅ እንዲያ ተገኘ። ልጁ ተነስቶ ሲመለስ በሩ ተዘግቶበት ቢሆን ኖሮ የትሏ ታሪክ ብቻውን ምን ይጠቅመን ነበር?

ጎረቤቴ ያለች አንዲት ልጅ አምና የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወደቀች። ዘንድሮ ስትደግም ታናሽ ወንድሟ ደርሶባታል፤ አንድ ክፍል ሊማሩ ነው። ጳጉሜን ላይ ቡና ተጠርቼ ስገባ እናቷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ደብተር በካኪ ወረቀት ትሸፍናለች። የልጁ ደብተሮች ላይ ስሙም ክፍሉም ተጽፏል። የልጅቷ ላይ ግን ስሟ ብቻ ነው ያለው። ዓይኔን ተከትላ እናቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ «ክፍሉን እንዳትጽፊብኝ ብላኝ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። ልጅቷን አውቃታለሁ፤ ብታጠና ትምህርቱ አያቅታትም። የከበዳት የመጀመሪያው ሰኞ ነው፤ ያንን በር ከፍቶ መግባት። እናቷ ይህ ገብቷታል። «ሰኞ ሦስታችንም አብረን እንወጣለን። ማርያምን እንሳለምና እስከ ክፍሉ በር አደርሳቸዋለሁ» አለች። የመስከረም እምነት ስል ይህን ማለቴ ነው።

ደግሞ መማር እንዲህ የሚያሳፍር መሆኑ ያሳዝነኛል፤ በነባሩ ትምህርታችን እንዲህ አልነበረምና። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን እየበላ የሚማር የቆሎ ተማሪ ቀለሙ ካልያዘለት ያንኑ ቀለም ነገም ይቀበላል፣ ከነገ ወዲያም። የኔታ ሊቆጡት፣ ሊገርፉትም ይችላሉ፤ ዓመቱ አለቀ ብለው ግን አያሰናብቱትም። በቁርኣን ቤትም ልጁ ሉሑ ላይ የተጻፈውን በቃሉ እስኪይዝ እየመላለሰ ይቀራዋል፤ ሲይዘው ያጥበውና ሌላ ይጻፍለታል። ዱላውን ማንም እንዲመልስልን አልፈልግም። ትዕግሥቱ ግን ከሁለቱም ወገን የእኛው ነው፤ ለልጆቻችን ልናወርሰው ይገባል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ውጤት ያልመጣለትን ልጅ «ስላልጸለይክ ነው» አትበሉት። ይህን ቃል የሰማ ልጅ ከትምህርቱም ከእምነቱም በአንድ ቀን ሊርቅ ይችላል። ጸሎት የጥናትን ቦታ አይተካም። ያጠና ልጅም ሊወድቅ ይችላል፤ ወድቆም የእግዚአብሔር ልጅ ነው፣ የእናንተም ልጅ ነው።

መመለስ እንደሚቻል ያሳዩን ልጆች ደግሞ በዘመናችን አሉ። በትግራይ ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ በኮቪድ፣ ቀጥሎ በጦርነቱ ምክንያት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል ተዘግተው ቆይተዋል። ሲከፈቱ ልጅ ሆነው የተዉትን ክፍል ጎልምሰው ያገኙት ብዙ ናቸው። ከመካከላቸው ዳግም ደብተር ይዘው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የተቀመጡ አሉ። በአማራ ክልል ደግሞ በግጭት ምክንያት ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆች ብዙ ናቸው። ለእነሱ ጸሎታችን የትምህርት ቤታቸው በር እንዲከፈት ነው፤ ይህን ጸሎት በየሳምንቱ በስማቸው ልናነሳው ይገባል።

በየከተማው ብዙ ሰንበት ትምህርት ቤቶች በክረምት አዳራሻቸውን ከፍተው ልጆች ያስተምራሉ። መስከረም ሲጠባ ግን ብዙውን ጊዜ ይቆማል። እባካችሁ በሳምንት ሁለት ምሽት እንኳ አዳራሹ ክፍት ይሁን። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁ ወጣቶች በየአጥቢያው አሉ፤ ሂሳብና እንግሊዝኛ ያስረዷቸው። መስጊዶችም ጸሎት ቤቶችም ይህን ቢያደርጉ የሚጎዳ የለም። መምህራን ሆይ፣ በመጀመሪያው ሳምንት «ደጋሚዎች እጃችሁን አውጡ» የሚባለውን ልማድ ተዉልን። እነዚያን ልጆች ወደ ፊት አምጥታችሁ አስቀምጧቸው። ምዕራፍ አንድን አምና ተምረውታልና የመጀመሪያውን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ እነሱ ይሥሩት።